ብርድ የፈራው ዳቦ ጋጋሪ

ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ከታመመ፣ በሽታው ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። ጥርስ አመመ፣ ብርድ ነው። ሆድ ተነፋ፣ ብርድ ነው። አራስ ከሳች፣ አዛውንት አነከሰ፣ ልጅ አለቀሰ፣ ያው ብርድ ነው። ደግሞ ብዙም አይፈረድባቸው። ኅዳር ላይ በማለዳ በሩን ከፍቶ የወጣ ሰው ሜዳው ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ውርጭ ለብሶ ሲያገኘው ሌላ ማንን ይጠርጥር?

ባየውም በዚህ ያደገ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገው አንኮበር ነው፤ አባቱ ቄስ ነበሩ፣ ልጅ ሳለ ነው የሞቱት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አንድ የመንዝ ባና ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁት፤ ብርድ ወገብህ ውስጥ እንዳይገባ፣ ወገቡ የበረደው ወንድ ዘር አይወጣለትም አሉት። ልጁም ሰማ። እንዴት አድርጎ እንደሰማ ግን!

ዳቦ ቤት ተቀጠረ። መጀመሪያ እንጨት ፈላጭ፣ ከዚያ ሊጥ ለዋሽ፣ በሦስተኛው ዓመት ላይ ደግሞ ምድጃው አፍ ላይ ቆመ። ሌላ ከተማ ቢሆን ምድጃ አፍ ላይ ቆሞ መዋል ቅጣት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሹመት ነው! ሠራተኛው ሁሉ ለዚያች ቦታ ይገፋፋል። ባየው አንዴ ካገኛት ወዲያ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልለቀቃትም። ረጅሙን የእንጨት አካፋ ይዞ ዳቦውን ያስገባል፣ ያወጣል፣ የባሕር ዛፉ ፍም ከእምብርቱ በታች ይለበልበዋል፣ እሱ ደስ ይለዋል። ዳቦው እስኪበስል ደግሞ ከምድጃው ጎን ያለችው የጡብ መደብ ላይ ቁጭ ይላል። መደቧ ቀኑን ሙሉ እሳት ስትጠጣ ስለምትውል ድመት እንኳ ብዙ አትቆይባትም። እሱ ምሳውን እዚያው ነው የሚበላው። ሱሪ የሚለብሰው ሁለት ነው፣ ከሥር ደግሞ እግር ላይ ጥብቅ የሚል የሱፍ ታይት አለ። ቤት ሲገባ መታጠቢያው ውስጥ እንፋሎቱ የሚያፍን ውሃ ሞልቶ እስከ ወገቡ ይዘፈዘፋል። ብርድ የት ብሎ ይግባ?

መነንን ያገባት በሰማንያ ነው፣ ሰባት ዓመት ሆነው። መነን የጫጫ ልጅ ናት፣ ስጋጃ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የበግ ፀጉር ክር ስታስርና ስትቆርጥ ጣቶቿ እንደ ምላሷ የፈጠኑ ናቸው። ሲጋቡ ሰፈሩ ሁሉ ሁለቱንም ወደደ። የመጀመሪያው ዓመት ቀልድ ነበር፣ ሁለተኛው ዓመት ጥያቄ፣ ሦስተኛው ላይ ዝምታ መጣ። ሰው ሲያያቸው ዓይኑ መጀመሪያ ወደ መነን ሆድ ይወርድና ከዚያ ነው ሰላም የሚለው።

ያኔ ነው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከአንኮበር መጥተው ፍርድ የሰጡት። ወንድ ልጅ አይመክንም፣ ወንድን የሚያዳክመው ብርድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ልጄ ይሙቅ አሉ። ከወንዝ የተለቀመ ድብልብል ድንጋይ ይዘው ነበር የመጡት። ድንጋዩ እሳት ውስጥ ይግላል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ባየው በጀርባው ተኝቶ ከእምብርቱ በታች ሥጋው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሰላሳ ደቂቃ። ማታ ማታ፣ ሳይዘለል። ድንጋዩን የምታግለው ማን ነበረች? መነን ራሷ! አራት ዓመት ሙሉ በገዛ እጇ።

ድንጋዩ ምንም ሳያመጣ ሲቀር የእናትየው ሒሳብ ወዲያው ተዘጋ። ልጄ ሞቋል፣ ልጅ ግን የለም፣ እንግዲህ የቀረችው እሷ ናት። ነገሩ ቀላል ነው ለሳቸው።

መነን ያልሄደችበት የለም። ጸበል ተጠመቀች፣ ሥር ቀቅላ ጠጣች፣ ሦስት ቦታ ተመረመረች። በየሄደችበት ደህና ነሽ፣ ባልሽን አምጪው ነው የሚሏት። ለባየው ሦስት ጊዜ ነገረችው። አንዴ ሥራ በዛ አላት፣ አንዴ ጉንፋን ይዞኛል፣ አንዴ ደግሞ ከነጭራሹ እንዳልሰማ ሆኖ ጫማውን ፈለገ። ዳቦ ቤት ውስጥ ያሉትስ ቢሆኑ መቼ ለቀቁት። አብሮት የሚሠራው ኃይለ ገብርኤል አምስት ልጅ ወልዶ ስድስተኛው መንገድ ላይ ነው፣ አፉ አያርፍም። ሊጡ ኩፍ ሲል ጠብቆ ነው የሚጀምረው፤ የሁሉን ሊጥ ታስነሳለህ፣ ያንተ ብቻ ነው የተኛው፣ ካስፈለገህ ከኔ ቤት እርሾ ላበድርህ ይለዋል። ሰው ይስቃል። ባየውም ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን እራቱን አይበላም።

ኅዳር ላይ መነን ሰለቻት። ሳትቆጣ፣ ክር እየጠቀለለች ነው የተናገረችው።

«ባየው፣ እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማላውቀው ሐኪም ሁሉ ልብሴን ሳወልቅ ነው የኖርኩት። አንተ አንዲት የምርመራ ብልቃጥ አቃተችህ?»

ሄደ። ብቻዬን ነው የምሄደው አለ፣ እሺ አለችው።

ክሊኒኩ ውስጥ አገኛለሁ ብሎ የጠበቀው መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ሐኪም ነበር፣ ያገኘው ግን ዶክተር አርሴማን ነው፣ እህቱ ልትሆን የምትችል ወጣት። እንዲያውም ተመልሶ ሊወጣ ነበር። እሷ ግን ስለ እህል ዋጋ እንደምታወራ ሁሉ በዝግታ ጠየቀችው፤ ያጨሳሉ? ጫት? መጠጥ? በልጅነት ጆሮ ደግፍ ይዞዎት ያውቃል? ይህን ሁሉ አይ፣ አይ እያለ መለሰ። ብልቃጧን ሰጠችው። የዚያን ጉድ እንተወው፤ ግድግዳ ላይ የእናቶች ክትባት ሥዕል የተለጠፈበት ክፍል ውስጥ አንድ ዳቦ ጋጋሪ እንዴት እንዳላበው እሱና ግድግዳው ያውቃሉ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር አርሴማ ወረቀቱን አየችና ዘሩ በጣም ትንሽ ነው፣ ያለውም አብዛኛው ደካማ ነው አለችው። ባየው ወዲያው ገባው፣ የገባው መስሎት። ብርድ ነው አይደል አላት። ብርድ እንዳይሆን ግን ያላደረገው ነገር የለም፣ ብትጠይቅ መነን ምስክር ናት። ከዚያ መዘርዘር ጀመረ። ምድጃውን፣ የጡብ መደቧን፣ ሁለቱን ሱሪ፣ ታይቱን፣ ዝፍዝፉን፣ ድንጋዩን። እንዲያውም ጎበዝ እንድትለው ነበር የጠበቀው። ዶክተሯ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሽ ባየው፣ እርሾ በምን ውሃ ነው የሚቦካው?»

«ለብ ባለ።»

«በፈላ ውሃ ቢቦካስ?»

«ይሞታላ!» አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ አስረዳችው። የወንድ የዘር ፍሬ ከሰውነት ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው ያለ ነገር አይደለም፣ ከሌላው አካል ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀዝቀዝ ብሎ ካልቆየ በደንብ ስለማይሠራ ነው። በርዶት ሲሰበሰብ፣ ሞቆት ሲወርድ አላዩትም? ራሱን ይጠብቃል። እርስዎ ግን ማምለጫ አሳጡት፣ ቀን በእሳት፣ ማታ በድንጋይ፣ መሀሉን በሱፍ። ጥፋቱ ሁሉ የሙቀቱ ነው ብዬ ግን መማል አልችልም፣ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ እሱንም እናያለን አለችው። መጀመሪያ ግን እሳቱ ይራቅ። አዲስ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። የካቲት ማገባደጃ ላይ ይምጡ፣ ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ።

ባየው ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ወጣ። እንደሱ ያለ ቀን አይቶ አያውቅም። በባጃጅ መሄድ ይችል ነበር፣ በእግሩ ሄደ። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አረፍተ ነገሩን አዘጋጀ። መነን፣ እኔ ጋ ነው ይላታል፣ በቃ። ቤት ሲገባ መነን ድንጋዩን እሳት ውስጥ አስቀምጣ፣ ፊቷ በፍሙ ቀልቶ፣ ቀና ብላ አየችው። እንደዚያ ስታየው ያ ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት።

ሳንባዬ ነው አሉኝ አላት። ከምድጃው ራቅ በል ተብያለሁ፣ ድንጋዩም ይቅር ብለዋል።

«ሌላውስ?»

«ሌላው ደህና ነው።»

እንግዲህ ነገሩን ያበላሸው ይሄ ነው። በሽታው ሳይሆን ይቺ ሦስት ቃል።

በማግሥቱ አሠሪውን ለምኖ ከምድጃው አፍ ወደ ሊጡ ተዛወረ፣ በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ እንደ ልቡ የሚገባበት። ኃይለ ገብርኤል ቦታዋን ሲያገኝ እልል ሊል ምንም አልቀረው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የጡት ልጅህ አድርገህ ይዘሃት አሁን ምን ነካህ አለው። ሳንባዬ ነው አለ ባየው። ሁለተኛውን ሱሪና ታይቱን ጠዋት ዳቦ ቤት ሲደርስ ያወልቅና ከዱቄት ጆንያው ኋላ ይደብቃል፣ ወደ ቤት ሲመለስ መልሶ ይለብሳል። ለምን ቢባል ሳንባውን የታመመ ሰው እንዴት ልብስ ይቀንሳል? አንድ ውሸት ሌላ ውሸት እያስለበሰው፣ ከዱቄቱ ጋር ነጭ ሆኖ ቤቱ የገባበትም ቀን አለ።

መነን ግን አመነችው። ማመን ብቻ አይደለም፣ ደነገጠች። በጾሙ የአጃ ሾርባ ትሠራለታለች፣ ገና ካለፈ ወዲህ ደግሞ የበግ አጥንት ታፈላለታለች። ሲያስል ከሥራዋ ትነሳለች። ሥላሴ ሄዳ ለሳንባው ተሳለች። አንድ ቀን ልጁንስ ተወው፣ አንተ ብቻ ኑርልኝ አለችው። ባየው ሾርባውን ጨልጦ ጠጣ። ያኔ መናገር ነበረበት። ነገ እነግራታለሁ አለ፣ ነገም ነገን ወለደ። በልቡ የያዘው ሒሳብ ሌላ ነው፤ የካቲት ላይ ይመረመራል፣ ዘሩ ተመልሶ ከሆነ ማንም ምንም ሳያውቅ ያልፋል።

የሳንባው ወሬ ግን አንኮበር ደረሰ።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለች እሁድ፣ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ዘርአ ዳዊትን አስከትለው መጡ። ጥር እንደሆነ የሠርግ ወር ነው፣ ለምን እንደመጡ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በእኩለ ቀን፣ አራቱም እዚያች ቤት ውስጥ ተቀመጡ። መነን ውሃ አቀረበች። እናትየው ውሃውን አልነኩም።

ነገራቸውን የጀመሩት ለስለስ አድርገው ነው። ሰባት ዓመት ታገሥኩ፣ አንድ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም አሉ፣ ይሄ እንኳ እውነት አይደለም። ልጄ አንድ ነው፣ የአባቱ ስም በሱ ላይ ቆሟል። ቀጥለው ወደ መነን ዞሩ። ሳንባውን የበላው ሐሳብ ነው፣ ሐሳቡ ደግሞ አንቺ ነሽ አሏት። ሰማንያው ይፍረስ፣ በሰላም ተለያዩ፣ እሱም ሳይሞት ዘሩን ይይ። አሊዩ አምባ መንገድ ላይ ካሉ ዘመዶች ቤት አንዲት ልጅ እንዳለችም ጠቆም አደረጉ፣ እናቷ አሥራ አንድ የወለደች።

መምሬ ዘርአ ዳዊት ወደ መነን ዞረው እሷም ትናገር አሉ።

መነን ነጠላዋን አስተካከለች። የተናገረችው ለራሷ ብላ አልነበረም፣ ለባሏ ብላ ነበር።

«አባቴ፣ እኔ ተመርምሬያለሁ፣ ደህና ነሽ ብለውኛል። እሱም ኅዳር ላይ ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። ሁለታችንም ደህና ነን። እግዜር ካልሰጠን ምን እናድርግ?»

«እሰይ!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ። «ከራሷ አፍ ሰማችሁ! እሱ ደህና ነው። የሷን ደህንነት ማን አየው? ሆድ ነው ምስክሩ!»

መነን አንገቷን ደፋች። ባየው በሕይወቱ አንገቷን ስትደፋ አይቷት አያውቅም። እሱን ለማዳን ብላ ያነሳችው የሱው ውሸት ነው፣ ያው ውሸት ነው ዞሮ እሷን የመታት። ዝም ቢል ምን ይሆናል? መነን ሻንጣዋን ይዛ በመካንነት ስም ወደ ጫጫ ትሄዳለች፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይላታል፣ ሌላ የሚያገባትም አታገኝም። እሱ ደግሞ አንዲት የሰው ልጅ ያመጣል፣ ያቺም በተራዋ ሰባት ዓመት ጸበል ለጸበል ትዞራለች። ምርመራው እስኪደርስ አንድ ወር ገደማ ብቻ ነበር የቀረው። አንድ ወር።

«እማ፣» አለ። «እኔ ጋ ነው።»

ምኑ አሉት። ዘር የሌለኝ እኔ ነኝ አለ። ሳንባዬ ምንም አልሆነም።

እናትየው አላመኑም። እሷን ለማዳን ነው፣ መድኃኒት አስነክታብኝ ይሆናል ልጄን አሉ። ባየው እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ጠርዙ የነተበውን ወረቀት አውጥቶ ለመምሬ ዘርአ ዳዊት ሰጣቸው። እሳቸው ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ አልገባቸውም፣ ግን ስሙን ጮክ ብለው አነበቡ። ባየው ራሱ አስረዳ። ዶክተሯ እንዳስረዳችው አድርጎ፣ ስለ እርሾው፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ ሱሪው። ሙቀት ብቻ መሆኑ እንዳልተረጋገጠም ተናገረ፣ ምንም አልደበቀም። ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ሊያልፈው ፈለገ፣ አልቻለም፣ ተናገረው።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አዩት።

«እኔ ነኛ ያዘዝኩት፣» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄን የጠበስኩት እኔ ነኝ።»

ማናችንም አላወቅንም እማዬ አላቸው።

መነን ግን ሌላ ነገር እያየች ነበር። ወረቀቱን ከመምሬ እጅ ተቀብላ አነበበች። ቁጥሩን አይደለም፣ ከላይ ያለውን ቀን።

«ኅዳር አሥራ ስምንት፣» አለች።

ወረቀቱን ወደ ባየው አዞረችው።

«የሄድክበት ቀን ነው ይሄ። የዚያኑ ቀን ነው ያወቅኸው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሳንባህ ሊያልቅ ነው ብዬ አንተ ተኝተህ ሳለ ትንፋሽህን ስቆጥር ነበር።»

ባየው ልንገርሽ እያልኩ ነበር አላት። መቼ ልትነግረኝ አለችው። የካቲት ላይ፣ ከዳንኩ በኋላ። ካልዳንክስ? ያንን ባየው ከራሱም ጋር አልተነጋገረበትም።

መምሬ ዘርአ ዳዊት ከመቀመጫቸው ተነሱ። ለማፍረስ ነበር የመጣሁት፣ የሚፈርስ ነገር እዚህ የለም፣ ሕክምናውን ጨርሱ፣ እኔም ልጅቱን በሐሰት ልፈርድባት ስለነበር ይቅር ትበለኝ አሉ። ካህን እንደዚያ ብለው ሲጠይቁ ሰው መሬት ይስማል፤ መነን ግን እግዜር ይቅር ይበለን ብላ መስቀላቸውን ተሳለመችና ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ አንዲት ቦርሳ ይዛለች።

ባየው እስከ መናኸሪያው ተከተላት። ቦርሳውን ልያዝልሽ አለ፣ አልሰጠችውም። መንገዱን ሁሉ ይናገራል፣ እሷ ትራመዳለች። አየሽ ተናገርኩ፣ በእናቴ ፊት፣ በካህን ፊት ተናገርኩ ይላታል። ጫጫ ጫጫ እያለ የሚጣራው ሚኒባስ ጋ ሲደርሱ ነው የቆመችው።

«ተናግረሃል። እሱን አልረሳብህም፣» አለችው። «መካን ሳይሉኝ ነው የምሄደው፣ ይሄም አንድ ነገር ነው። ግን ባየው፣ ልጅ ስላልወለድክልኝ አይደለም የምሄደው፣ ይሄ እንዳይጠፋህ። ልጅ ባይመጣ እኖር ነበር። አሁን ካንተ ጋር ባድር፣ በሳልክ ቁጥር እውነቱን ነው ወይ እያልኩ ነው የማድረው።»

«ትመለሻለሽ?»

«ወንድሜ ጋ ነኝ። የካቲት ላይ ቀኑን ንገረኝ፣ እመጣለሁ፣ አብሬህ እገባለሁ። ውጤቱን ከዶክተሯ አፍ ነው የምሰማው፣ ካንተ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ያኔ እናያለን።»

ገባችና መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆየ፤ እሱ ውጭ፣ እሷ ውስጥ፣ መሀላቸው መስታወት። ነፋሱ ሁለቱንም ሱሪ አልፎ እንደ ልቡ ይመላለሳል። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጅ አላውለበለበችም፣ ዞራ ግን አየችው።

ባየው አስፋልቱ ባዶ እስኪሆን ቆመ። ከዚያ እናቱ እሱ ቤት ውስጥ ብቻቸውን፣ መዳፋቸውን እንደዘረጉ የቀሩ መሰለውና ፈጠን ፈጠን እያለ ተመለሰ። ምሳም አልበሉም ነበር።